አረንጓዴው ካሬና የልብስ ሰፊው ሜትር

ያ ግራፍ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። መስታወት ገብቶለት፣ ፍሬም ተበጅቶለት። በግራ በኩል ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ ሲሄድ ድንገት ይወርዳል፤ ከሥሩ «የቁስል መቀነስ» የሚል ጽሑፍ አለ። መቱ ወደሚገኘው ክሊኒካችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ተራ ሲጠብቅ ያየዋል። የማን እግር እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። እኔ አውቃለሁ። ቁስሉ እንዳልቀነሰም አውቃለሁ።

ነርስ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አንድም ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ የሚያጠራጥረኝን ነገር ሁሉ በደብተሬ ጠርዝ ላይ እጽፈው ነበር። ሥራ ስይዝም ያው ነበርኩ። ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስለዚህ የስልኩ ሥራ ለእኔ ሲሰጥ ደስ አለኝ። ፎቶ ለማንሳት ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ሥራው የስኳር ሕመምተኞችን የእግር ቁስል በስልክ ፎቶ እያነሱ መለካት ነው። ስኳር ሲቆይ እግርን ያደነዝዛል፤ ሰው ሚስማር ረግጦ ቀኑን ሙሉ ሲሠራበት ይውላል። ስለዚህ «ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «ተሻለዎት?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም። ከጎሬ የመጣው «ተመስገን፣ ደህና ነው» ይላል፤ ከቡሬ ገጠር የመጣችው «ገለታ ዋቃ» ብላ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ፋሻው ሲፈታ ግን ክፍሉ በመጥፎ ጠረን ይሞላል። ሰዎቹ ዋሾዎች አይደሉም። አንድም ምስጋና ማጓደል ያስፈራል፤ አንድም ቁስልህን ጎንበስ ብሎ የሚያጥብልህን ሰው «ልፋትህ ከንቱ ነው» ማለት ነውር ነው። ፎቶ ግን አይግደረደርም። ይሉኝታም የለውም። እኔም በዚህ ነበር የወደድኩት።

ከቁስሉ አጠገብ ቆዳው ላይ አንዲት አረንጓዴ ካሬ ወረቀት ትለጠፋለች። ጎኗ ልክ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ፎቶ ሳነሳ በስልኩ ላይ የተጫነው መተግበሪያ የካሬዋን መጠን ስለሚያውቅ፣ ቁስሉን ከእሷ ጋር አስተያይቶ ስፋቱን በቁጥር ይነግረኛል። በአራተኛው ሳምንት ቁስሉ በግማሽ ከቀነሰ የታማሚው ስም አረንጓዴ ይሆናል፤ ሕክምናው እኛው ዘንድ ይቀጥላል። ካልቀነሰ ቀይ ይሆናል፤ ያኔ አጥንቱና የደም ሥሩ እንዲታይ ወደ ጅማ ሪፈር ይጻፍለታል። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚያች ካሬ ላይ ነው።

ልብስ ሰፊው የመጡት ከጎሬ ነው። እኔም የጎሬ ልጅ ስለሆንኩ ገና ከበሩ ሲገቡ አወቅኋቸው። የአንደኛ ደረጃ ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ «ለከርሞም ይሁናት» ስላለቻቸው እጅጌውን አስረዝመው፣ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ነበር የሰጡን። ስንት ዓመት ለበስኩት።

«አንቺ ያቺ ባለ ረዥም እጅጌዋ አይደለሽም?» አሉኝ።

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ልክሽ ሆነ ወይስ ገና ነው?»

ሳቅኩ። እግራቸውን ፎቶ ማንሳት እንዳለብኝ፣ ፊታቸውም ስማቸውም እንደማይወጣ ነግሬ ፈቃዳቸውን ጠየቅኋቸው።

«አንሺ እንጂ። ፊቴንማ ለመታወቂያ ያነሳኝ ሰው አበላሽቶታል። እግሬን እንኳ አሳምሪልኝ።»

ቁስሉ በቀኝ እግራቸው በውጭ በኩል፣ ከትንሿ ጣት ሥር ነበር። የወደቀ መርፌ ገብቶባቸው ነው። የስፌት መኪናቸውን ሲገፉ ውለው፣ ባለቤታቸው ፔዳሉ ላይ ደም አይተው እስኪጮሁ ድረስ አልተሰማቸውም። ይህንን እንደ ቀልድ ነው የነገሩኝ። ፋሻውን ስጨርስ ግን እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እውነቱን ንገሪኝ። የኔ መኪና የእግር ናት፤ የጎሬን መብራት ታውቂዋለሽ። ይቺ እግር ከሄደች መኪናዋም አብራ መሄዷ ነው። ሌላ ነገር አልችልም።»

«እነግርዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። ቃል መግባቴ ነበር።

በየሳምንቱ ረቡዕ በሚኒባስ ይመጡ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩ ስድስት ካሬ ሴንቲ አለ። በሁለተኛው ስድስት ነጥብ አንድ። በሦስተኛው አምስት ነጥብ ዘጠኝ። ቁስሉ ቆሟል ማለት ነው፤ አይሰፋም፣ አይድንም። በአራተኛው ሳምንት ቀይ እንደሚሆን፣ ሪፈሩን እንደምጽፍ በልቤ ጨርሼ ነበር።

በዚያው ሳምንት ተለጣፊዎቹ አለቁ።

ካሬዎቹ የሚመጡልን ከመደበኛው ወረቀት ግማሽ በሆነ ትንሽ ሉህ ላይ ታትመው ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ የመጨረሻውን ሉህ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ላከውና ብዙ ቅጂ በተለጣፊ ወረቀት ወጣልን። በእኛ ከተሞች ትንሽ ነገር ኮፒ ለማስደረግ ከሄዳችሁ ገጹን እንዲሞላ አስፍተው ነው የሚያወጡላችሁ። ማንም አይጠይቃቸውም፤ ለሰው አስበው ነው። ለደንበኛ ግማሹ ባዶ የሆነ ወረቀት መስጠት እንደ ጎደለ ስፍር ይቆጠራል፤ አስፍቶ መስጠት ደግሞ እንደ ገበያ ምርቃት ነው። ኮፒ ያደረገችውን ልጅ አልወቅሳትም። በቡና ላይ፣ በጤፍ ላይ ምርቃት መልካም ነው። ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ምርቃት አይጨመርም፤ ይህንን ማወቅ የነበረብን እኛ ነን።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አዲሱን ካሬ የመጀመሪያው ታማሚ እግር ላይ ስለጥፍ ትልቅ መስሎ ታይቶኛል። አሮጌዎቹ ስላለቁ ጎን ለጎን ማስተያየት አልቻልኩም። ማስመሪያ ማምጣት ግን እችል ነበር። አላመጣሁም። በደብተሬ ጠርዝ ላይ «ካሬው ሰፋ?» ብዬ ጻፍኩ፣ ከነጥያቄ ምልክቱ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁት።

ያን ረቡዕ የልብስ ሰፊው ቁስል ሦስት ካሬ ሴንቲ ሆነ። በግማሽ። ስማቸው አረንጓዴ በራ።

የእሳቸው ብቻ አይደለም። በዚያ ሳምንት የታማሚዎቻችን ሁሉ ቁስል በአንድ ጊዜ በግማሽ ቀነሰ። የአዛውንቱም፣ የወጣቱም፣ መድኃኒቱን የሚወስደውም፣ የማይወስደውም። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል፤ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ሳምንት ሲድን ቆም ብሎ «እንዴት?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ኃላፊያችን ስልኩን ከእጄ ወስዶ ስሞቹን ወደ ታች እያንሸራተተ አየ። «አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ» እያለ ሳቀ። «አየሽ? ሥራ ማለት ይሄ ነው!» ሪፖርቱን በዚያው ዕለት ላከ።

ኃላፊውን ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ግን አንቱታዬን ነስቼዋለሁ። በቀሌ ይህችው ናት።

ለልብስ ሰፊው «በግማሽ ቀንሷል» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ። ዓይናቸውን ግን ከእግራቸው አላነሱም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሦስት ነጥብ አንድ። በስድስተኛው ሳምንት ሦስት ነጥብ አራት። ጠርዙ ጠቁሯል፤ ፋሻው ሲፈታ የሚወጣው ሽታ ሌላ ሆኗል። ለኃላፊው ስነግረው «ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አረንጓዴ ነው አይደል?» አለኝ። አረንጓዴ ነበር። የገዛ አፍንጫዬን ትቼ ስልኩን አመንኩ። አራት ዓመት የተማርኩት ሰው ሠራሽ ነገርን ከማመን በፊት በዓይኔና በእጄ እንድመረምር ነበር።

በዚያ በስድስተኛው ረቡዕ፣ ፎቶውን አንስቼ ካሬዋን ከቆዳቸው ላይ ልልጥ ስል ልብስ ሰፊው እጄን ያዙኝ።

«ቆይ። ይቺ አረንጓዴ ምንሽ ናት?»

«መለኪያ ናት፣ ጋሼ። ስልኩ በእሷ ነው የሚያመዛዝነው።»

«ስንት ናት?»

«ሁለት ሴንቲ።»

«በማን ሜትር?»

ከአንገታቸው የማይለየውን ቢጫ ሜትራቸውን ሳብ አደረጉና አጎንብሰው ካሬዋ ላይ አሳረፉት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። እኔ ከላይ ሆኜ አየሁ፤ እሳቸው ከመናገራቸው በፊት አይቼዋለሁ።

«ሁለት ሴንቲ ከስምንት ሚሊ» አሉ። «በወርድም በቁመትም።»

ሜትሩን ተቀብዬ እኔም ደግሜ ለካሁ።

«በእናንተ መለኪያ ለክቼ በኔ ሜትር ብቆርጥ ኖሮ» አሉ ሳይስቁ፣ «የጎሬ ሰው ሁሉ በቁምጣ ነበር የሚሄደው።»

ደብተሬን አውጥቼ ጠርዙ ላይ አሰላሁ። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነው። ሁለት ነጥብ ስምንት በራሱ ሲባዛ ስምንት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ስልኩ አራት ነው ብሎ የሚያስበው ካሬ ስምንት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከአጠገቡ ያለውን ቁስል በግማሽ ቀንሶ ያየዋል። ሦስት የተባለው ስድስት ነበር። ሦስት ነጥብ አራት የተባለው ሰባት ሊሞላ ነው። የረባ ነገር ቀንሶ አያውቅም። ጅማ መሄድ የነበረባቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ።

«አንቺ አልዋሸሽም። አሁን ግን ካወቅሽ በኋላ ዝም ካልሽ መዋሸትሽ ነው» አሉኝ።

ሉሁንና ማስመሪያ ይዤ ወደ ኃላፊው ክፍል ገባሁ። ስናገር ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ስለዚህ ማስመሪያውን ካሬው ላይ አድርጌ አሳየሁት። ለረዥም ጊዜ አየው። እንደገባው ከፊቱ አወቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ባይገባው ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

«ነገ ውጤቱን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ሪፖርቱ ሄዷል። ከነገ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

«ለልብስ ሰፊው ሪፈር ልጽፍላቸው ነው።»

«በምን መነሻ? ሲስተሙ አረንጓዴ ነው የሚለው። አረንጓዴ ለሆነ ሰው ማህተም ብመታ የሚጠየቀው ማነው?»

«እግራቸውስ?»

«አንቺ ደግሞ! አንድ ቀን ምን ያመጣል?» ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረና ጨመረበት። «እኔ እኮ የስልኩን ሥራ የሰጠሁሽ ዝምተኛ ነሽ ብዬ ነው።»

ታታሪ ነሽ ብሎ፣ ጠንቃቃ ነሽ ብሎ ሳይሆን ዝምተኛ ነሽ ብሎ። ከክፍሉ ስወጣ ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ዓይን አፋርነቴን ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ራሴ ጉዳይ ነበር የማየው፤ ሌላ ሰው እንደ ዕቃ መርጦ ሥራ ላይ እንዳዋለው አላወቅሁም ነበር።

ሪፈሩን ጻፍኩት። ማህተም ግን የለውም፤ ማህተም የሌለው ወረቀት የትም እንደማያደርስ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አጥፌ በጋዎኔ ኪስ ከተትኩት።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ልብስ ሰፊውም ነበሩ፤ ተሻላቸው ተብሎ ምስክርነት እንዲሰጡ ቀደም ብለው ተጠርተዋል። ራሳቸው የሰፉትን ግራጫ ኮት ለብሰዋል። ቀኝ እግራቸው ጫማ ስለማይገባለት በሰፊ ነጠላ ጫማ ሆኖ፣ ዝናብ እንዳያገኘው ፌስታል ታስሮበታል። ግድግዳው ላይ በትልቁ ያ ግራፍ በራ። ኃላፊው ወደ ታች የሚወርደውን መስመር በብዕር እየተከተለ አብራራ። ተጨበጨበ። እግሩ ፌስታል ውስጥ እየሸተተ፣ ባለቤቱ እዚያው ተቀምጠው እያሉ ተጨበጨበ።

«አባታችን አንድ ቃል ይበሉን» አለ ኃላፊው።

ልብስ ሰፊው ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ። «እኔ ቃል የለኝም» አሉ። «ያችን ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ ጠይቁልኝ። ትናንት ምን እንደለካን ትንገራችሁ።»

አንገቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። ደብተሬን ከፍቼ ከጠርዙ ላይ አነበብኩ፤ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ካሬው ሁለት ሳይሆን ሁለት ነጥብ ስምንት ሴንቲ እንደሆነ፣ ቁጥሩ ሁሉ በዚያ ምክንያት በግማሽ እንደወረደ፣ የጋሼ ቁስል እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም እንደጨመረ፣ የሌሎቹም እንዲሁ ሳይሆን እንደማይቀር። እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

«ታዲያ ለምን ሪፈር አልተጻፈላቸውም?» አሉ ከእንግዶቹ አንዲት ሴት።

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። «ተጽፏል። ማህተም ነው የቀረው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ማህተሙ ከሻይ ዕረፍት በፊት ተመታ።

ልብስ ሰፊው በማግስቱ በበደሌ በኩል ጅማ ሄዱ። ሲመለሱ ክረምቱ ሊወጣ ነበር። እግራቸው ተርፏል። ሁለት ጣት ግን የለም፤ ትንሿና ከጎኗ ያለችው። ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ አንዷ ትተርፍ እንደነበር ሐኪሙ ነግሯቸዋል።

«አንዷ የስኳሩ ናት» አሉኝ ጎሬ በረንዳቸው ላይ ሆነው። «አንዷ የፎቶ ኮፒው።»

እየቀለዱ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያኔ ፔዳሉን በተረከዛቸው ነበር የሚገፉት፤ እየተለማመዱ ነው። መኪናዋ አልሄደችም። ከዚያ መቀሳቸውን አንስተው ከአንድ አሮጌ ሜትር የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሴንቲ ቆረጡና ሰጡኝ። «ማንም የሚሰጥሽን ካሬ ከመለጠፍሽ በፊት በዚህ አስተያዪው» አሉ። አሁን የማነሳው ፎቶ ሁሉ ላይ፣ ከአረንጓዴዋ ጎን፣ ያቺ ቢጫ ቁራጭ አለች።

«የሌሎቹስ?» ብለው ጠየቁኝ ልሄድ ስነሳ።

ይህንን ጥያቄ ከእሳቸው በቀር ማንም አልጠየቀኝም። በሰፋው ካሬ የተለኩትን ሁሉ አንድ በአንድ በአዲስ መልክ አስልቼ፣ ስልክ ያላቸውን ደውዬ ጠርቻለሁ። ከቡሬ ወዲያ ካለ ቀበሌ ትመጣ የነበረች አንዲት እናት ግን አልመጣችም። ስደውል ልጇ አነሳች። «ቁስሉ ግማሽ ሆኗል ስላላችኋት ተወችው» አለችኝ በኦሮምኛ። «አውቶቡስ እስኪገኝ ብዙ ትሄዳለች፤ እየዳነ ነው ካላችሁ ለምን ትምጣ?» በማግስቱ ቡሬ ሄድኩ። እንዳየችኝ «ገለታ ዋቃ» አለች፤ ፋሻው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቁሯል። ጅማ ስትደርስ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ለልብስ ሰፊው ይህን ስነግራቸው መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

በኋላ የወጣውን ሪፖርት አይቼዋለሁ። ስለዚህ ሁሉ አንድ መስመር አለ፦ «መጠነኛ የኅትመት ስህተት ታርሟል።» የሴትየዋ እግርም፣ የልብስ ሰፊው ጣትም በዚያች መስመር ውስጥ ናቸው። ግራፉ ይነሳ ብዬ ኃላፊውን ጠይቄዋለሁ። «ለማስተማሪያ ይቆይ» አለኝ።

ያስተምር ካልን እውነቱን ያስተምር። መስታወቱ ላይ ሦስት ጊዜ ወረቀት ለጥፌያለሁ። «ይህ ቁስል አልቀነሰም፤ ካሬው ነው የሰፋው» ይላል። የጥያቄ ምልክት የለውም። ሦስቱንም ጊዜ ሰው አንስቶታል፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ አውቃለሁና። አራተኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነገ ረቡዕ ነው፤ ልብስ ሰፊውም ለክትትል ይመጣሉ። ከመምጣታቸው በፊት እለጥፈዋለሁ።